የጀልባ ትሬለር (ተሳቢ) ልትገዙ ነው? መጀመሪያ መገጣጠሚያውን እዩ

ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ ሜሪላንድ የሚኖር አንድ ወዳጄ ደውሎ "ጀልባ ገዛሁ!" አለኝ። ደስታው በስልክም ይሰማ ነበር። 19 ጫማ የምትሆን፣ ያገለገለች ግን በደንብ የተያዘች የፋይበርግላስ ጀልባ ናት። ሞተሯን በባለሙያ አስፈትሿል። ወለሏን ራሱ እየረገጠ አይቷል። "ትሬለሩስ?" ብዬ ስጠይቀው "እሱማ አሉሚኒየም ነው፣ አይዝግም" አለኝ። ወሬያችን ወደ ዓሣው ዞረ።

ወር ሳይሞላው ከአናፖሊስ ሲመለስ ሩት 50 ላይ የቀኙ ጎማ መጨስ ጀመረ። ኩሽኔታው ደርቆ ነዶ ነበር። ትንሽ ቢቆይ ኖሮ ጎማው ከነቸርኬው ተነቅሎ ይሄድ ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ማንም አልተጎዳም። ቅዳሜ ሄጄ ትሬለሩን አብረን ሥሩ ገብተን አየነው። አሉሚኒየሙ እውነትም አልዛገም። ጎማዎቹን የሚያያይዘው ዘንግ፣ አክስሉ፣ ግን ዝጓል። ብሎኖቹ ዙሪያ ነጭ ዱቄት ተሰብስቧል። ከፊት በኩል አንድ ብየዳ ላይ ደግሞ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ አለች።

ከዚያ ወዲህ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምናገረው ይህንኑ ነው። ጥሩ ትሬለር ከመጥፎው የሚለየው አሉሚኒየም በመሆኑ ብቻ አይደለም። አንዱ ክፍል ከሌላው የሚገናኝበትን ቦታ ማየት ያስፈልጋል። ለምን እንደሆነ ላስረዳ።

ትሬለር ስል አገር ቤት "ተሳቢ" የምንለውን ማለቴ ነው። የጀልባ ተሳቢ ከሌላው የሚለየው ውሃ ውስጥ መግባቱ ነው። ጀልባዋን ለማውረድ በመኪና ወደኋላ እየተገፋ እስከ አክስሉ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይጠልቃል። ረጅም መንገድ ተጉዞ ትኩስ እንደሆነ ይገባል፣ ረጥቦ ይወጣል፣ ከዚያ ለቀናት ይቆማል። ውሃው ጨው ካለበት ሲደርቅ ጨው ይቀራል። ይህንን ችሎ እንዲኖር ነው መሠራት ያለበት።

አሉሚኒየም ለዚህ ሥራ የሚመረጠው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው ቀላል ነው። እኩል መጠን ያለው አሉሚኒየም ክብደቱ የብረት አንድ ሦስተኛ ያህል ብቻ ነው። ሁለተኛው አየር ሲነካው ወዲያው በጣም ስስ ሽፋን ይለብሳል። የብረት ዝገት እየተላጠ ሲሄድ የታችኛውን ያጋልጣል። የአሉሚኒየም ሽፋን ግን ተጣብቆ ይቀራል፣ የታችኛውን ይከላከላል። ቢፋቅ እንኳ ራሱን ይተካል። ጨው ግን ይህን ሽፋን እዚህም እዚያም መብሳት ይችላል። ስለዚህ "አይዝግም" የሚለው ልክ ነው፣ "አይበላም" ማለት ግን አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ሁሉም ሰው አሉሚኒየም አያስፈልገውም። ዋሽንግተን አካባቢ ያለው የፖቶማክ ውሃ ጨው የለውም። የሚኒሶታ ሐይቆችም እንደዚያው። ጀልባችሁ ከዚያ የማትወጣ ከሆነ ዚንክ የተነከረ (በዚንክ የተሸፈነ) ብረት፣ እንዲያውም በደንብ የተቀባ ብረት፣ ለብዙ ዓመት ያገለግላችኋል። ዋጋውም ይቀንሳል። ቼሳፒክ የባሕር ወሽመጥ ላይ ግን ውሃው ከወንዝና ከባሕር የተደባለቀ ነው። ወደ ኦሽን ሲቲ ከወጣችሁ ደግሞ ሙሉ የባሕር ውሃ ነው። አሉሚኒየም ገንዘቡን የሚያወጣው እዚያ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። አሉሚኒየም ሦስት ድካም አለበት፤ ሻጩ ስለነዚህ ብዙ ጊዜ አይነግራችሁም።

የመጀመሪያው ይታጠፋል። አንድ ዓይነት ቅርጽና ውፍረት ያላቸው የብረትና የአሉሚኒየም ዘንጎች ላይ እኩል ክብደት ብንጭን አሉሚኒየሙ ሦስት እጥፍ ያህል ይጎብጣል። ጥሩ አምራች ይህን የሚያካክሰው የዘንጉን ቁመት በመጨመር ነው። ስለዚህ የተሻሉት ትሬለሮች ዋና ዘንግ እንደ ባቡር ሐዲድ ከላይና ከታች ሰፋ ያለ፣ መሃሉ ላይ ቀጭን ግድግዳ ያለው ነው። አይ-ቢም ይሉታል። ከብረት ትሬለር ጎን ብታቆሙት የአሉሚኒየሙ ዘንግ ከፍ ብሎ መታየት አለበት። እኩል ቁመት ካለውና እኩል ጀልባ እሸከማለሁ ካለ ጥያቄ አንሱ።

የዘንጉ ቅርጽ ሌላም ጥቅም አለው። አይ-ቢም ክፍት ነው። ውሃ አይቋጥርም፣ በጎማ ቱቦ ስታጥቡት ሁሉም ቦታ ይደረሳል፣ ስንጥቅ ቢኖር በዓይን ይታያል። እንደ ቱቦላሬ ዝግ የሆነ ዘንግ ከሆነ ግን የጨው ውሃ ውስጡ ገብቶ ሊቀር ይችላል። እናንተ ውጪውን ታጥባላችሁ፣ ውስጡ ይበላል። እኔ ለጨው ውሃ ክፍት ዘንግ ነው የምመርጠው።

ሁለተኛው ድካም ይታክታል። ሽቦ እያጠፋችሁ እየዘረጋችሁ ስትበጥሱ የምታዩት ነገር ነው። ብረት ጭነቱ ከተወሰነ መጠን በታች ከሆነ ስንት ሚሊዮን ጊዜ ቢነቃነቅ ይችለዋል። አሉሚኒየም ግን እንዲህ ያለ የማያልፍ ወሰን የለውም። እያንዳንዱ የመንገድ ጉድጓድ ትንሽ ትንሽ ይቆጠርበታል። ስለዚህ አቅሙ ላይ ልክክ ያለ ትሬለር ዛሬ ባይሰበርም ዕድሜው አጭር ነው። ከሚያስፈልጋችሁ በላይ የሚችል ግዙ የምለው ለጌጥ አይደለም። ጭነቱ ሲቀል ድካሙም በብዙ ይቀንሳል።

ሦስተኛው፣ ለእኔ ትልቁ፣ ብየዳ ነው። ለትሬለር ዘንግ በብዛት የሚውለው 6061-ቲ6 የሚባል አሉሚኒየም ነው። ማግኒዚየምና ሲሊኮን ይገባበታል። "ቲ6" የምትለዋ በልዩ የሙቀት አያያዝ እንዲጠነክር መደረጉን ትነግራለች። ጥንካሬውን ያገኘው በሙቀት ነው፣ የሚያጣውም በሙቀት ነው። ሲበየድ ከብየዳው አጠገብ ያለው ክፍል ከጥንካሬው ግማሽ ገደማ ሊያጣ ይችላል። ልብ በሉ፣ የሚደክመው ብየዳው ራሱ ብቻ አይደለም፤ ደህና የሚመስለው ጎኑም ነው። በዓይን ምንም አይታይም። ትልቅ ሻንሲን (የትሬለሩን ዋና አካል) ከብየዳ በኋላ እንደገና በምድጃ ማጠንከር ደግሞ ቀላል አይደለም።

ለዚህ ነው ብዙ ጥሩ የአሉሚኒየም ትሬለሮች በብሎን የሚታሰሩት። መጀመሪያ ሳይ "ብሎን? ብየዳ አይሻልም?" ብዬ ነበር። ለብረት ሊሻል ይችላል። ለአሉሚኒየም ግን ብሎን የዘንጉን ጥንካሬ በሙቀት አይነካም። አንድ ክፍል ቢጎዳ ፈትቶ መቀየር ይቻላል። አክስሉንም ወደፊትና ወደኋላ ማንሸራተት ይቻላል፣ ይህ ምን እንደሚጠቅም ትንሽ ቆይቼ እነግራችኋለሁ። የብሎን ዕዳው መላላቱ ነው። አዲስ ከሆነ ከመጀመሪያዎቹ ጉዞዎች በኋላ፣ ከዚያም በየዓመቱ በልኩ መጥበቅ አለበት። የተበየደ ሁሉ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ብየዳውን ብዙ ጫና በሌለበት ቦታ ያደረገና አካባቢውን ያወፈረ አምራች አለ። ግን ዋናው ዘንግ መሃል ላይ ተቆርጦ የተበየደ ካያችሁ ተዉት።

አንድ ጥቃቅን የሚመስል ግን ትልቅ ነገር ልጨምር። ቀዳዳ የት እንደተበሳ እዩ። ዘንግ ሲጎብጥ ጫናው የሚበዛው ከላይና ከታች ባሉት ሰፋፊ ጠርዞች ላይ ነው። መሃሉ ላይ ያነሰ ነው። አዋቂ አምራች ብሎኑን በመሃለኛው ግድግዳ ያሳልፋል ወይም ጠርዙን ሳይበሳ በማቀፊያ ያስራል። ያገለገለ ትሬለር ላይ ደግሞ የቀድሞው ባለቤት መለዋወጫ ጎማ ወይም ሳጥን ለመስቀል የታችኛውን ጠርዝ በድሪል በስቶት ሊሆን ይችላል። ስንጥቅ ከዚያ ይጀምራል።

ከፊት ወደ መኪናው የሚዘልቀው ዘንግ በተለይ በጥንቃቄ መታየት አለበት። እዚህ "ታንግ" ይሉታል። እኔ ሞፈር ነው የምለው፣ ሥራው ስለሚመሳሰል። ሞፈሩ ከዋናው ሻንሲ ጋር የሚገናኝበት ቦታ መኪናው በፈጠነና በቆመ ቁጥር ይጎተታል፣ ይገፋል። የወዳጄ ስንጥቅ የተገኘችው እዚያ ነው።

ነጭ ዱቄቱስ? ሁለት የተለያዩ ብረታ ብረቶች ተነካክተው የጨው ውሃ ሲያገኛቸው ትንሽ ባትሪ ይሆናሉ። አንደኛው ይበላል፣ ሌላው ይድናል። አሉሚኒየም ከስቴንለስ ብረት ጋር ሲገናኝ የሚበላው አሉሚኒየሙ ነው። ስቴንለስ ብሎን ራሱ ሁልጊዜ እያብረቀረቀ ስለሚቆይ ሰው ደህና ነው ብሎ ያልፈዋል። ብሎኑ ትንሽ፣ ዘንጉ ትልቅ ስለሆነ መበላቱ ቀስ ያለ ነው። ነገር ግን የሚበላው ቀዳዳው ዙሪያ፣ ማለትም ጭነቱ ያለበት ቦታ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። በብሎኑና በአሉሚኒየሙ መሃል የናይለን ራንዴላ ይገባል፣ ጥርሱ ላይ ለባሕር የተዘጋጀ መከላከያ ቅባት ይቀባል። ዚንክ የተነከረ ብሎንም ደህና ምርጫ ነው፣ ዚንክ ለአሉሚኒየም ቅርብ ስለሆነ አይጣላውም። ዚንኩ ሲያልቅ ግን መቀየር አለበት።

ከዚህ ሁሉ እኔን ያስገረመኝ እንጨቱ ነው። ብዙ ትሬለሮች ላይ ጀልባዋ የምታርፈው ምንጣፍ በለበሱ ሳንቃዎች ላይ ነው። እንጨቱ እንዳይበሰብስ በመድኃኒት የተነከረ ነው። አሜሪካ ውስጥ ከ2004 ወዲህ ለመኖሪያ ቤት አገልግሎት የሚሸጠው እንዲህ ያለ እንጨት አርሰኒክ ያለበት መድኃኒት ቀርቶ መዳብ የበዛበት ሆኗል። መዳብ ደግሞ የአሉሚኒየም ዋና ጠላት ነው። ሳንቃው በቀጥታ አሉሚኒየም ድጋፍ ላይ ከተቀመጠና ከረጠበ ድጋፉን ይበላዋል። ምንጣፉ ስለሚሸፍነው አይታይም። በመሃላቸው የፕላስቲክ ወይም የጎማ መለያያ መኖሩን እጃችሁን ከሥር ሰዳችሁ ዳስሱ።

ወደ ክብደት እንምጣ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። በጀልባዋ ወረቀት ላይ ያለው ክብደት ብዙ ጊዜ ደረቅ ክብደት ነው፣ ሞተሩም ላይካተት ይችላል። የወዳጄን ጀልባ በግምት እንደምር። አካሏ 2,000 ፓውንድ። ሞተሩ 400 ገደማ። 40 ጋሎን ቤንዚን፣ አንዱ ጋሎን 6 ፓውንድ ያህል ነው፣ 240። ሁለት ባትሪ 110። መልሕቅ፣ በረዶ የሞላ ሳጥን፣ የሕይወት ጃኬት፣ መንጠቆና ሌላው ኮተት 250። ድምሩ 3,000 ፓውንድ፣ ወደ 1,360 ኪሎ ነው። ወረቀቱ ላይ ግን የሚታየው 2,000 ብቻ ነው።

አሁን የትሬለሩን ምልክት እዩ። በሕግ ከፊት በግራ በኩል አምራቹ የለጠፈው ጽሑፍ መኖር አለበት። እዚያ ላይ የተሠራበት ወርና ዓመት፣ ባለ 17 ፊደልና ቁጥር መለያው፣ የጎማው ልክና የሚፈቀደው ጠቅላላ ክብደት ይገኛሉ። "ጠቅላላ" የሚለው ትሬለሩን ራሱን ጨምሮ ነው። 3,500 ካለና ትሬለሩ ራሱ 700 ቢመዝን ለጀልባ የሚቀረው 2,800 ነው። የወዳጄ ጀልባ አይችላትም። እኔ ከተደመረው በላይ ቢያንስ ከ15 እስከ 20 በመቶ ትርፍ አቅም እፈልጋለሁ። ምልክቱ ከተፋቀ ወይም ከሌለ ደግሞ ዋጋው ምንም ቢረክስ አትግዙ። የትሬለር አምራቾች ብሔራዊ ማኅበር ተለጣፊ ካለበት አምራቹ የፌዴራል የደኅንነት ደንቦችን የሚከተልበት አሠራር ታይቷል ማለት ነው። ጥሩ ምልክት ነው፣ ግን ያንን አንድ ትሬለር ማንም ለብቻው መረመረው ማለት አይደለም።

መኪናችሁስ? ከእኛ ሰው ብዙው የቶዮታ ሲዬና ወይም ራቭ4 ነው የሚነዳው። ሲዬና የሚጎትተው እስከ 3,500 ፓውንድ ነው። ራቭ4 ሃይብሪድ እስከ 2025 ሞዴል ድረስ 1,750 ነው። የወዳጄ ጀልባ ከበቂ ትሬለር ጋር 3,800 ትገባለች። ስለዚህ ለሁለቱም አትሆንም። ይህን ከግዢ በፊት ማወቅ ብዙ ገንዘብ ያድናል።

ከጠቅላላው ክብደት 10 በመቶ ገደማው ደግሞ ሞፈሩ ላይ፣ ማለትም በመኪናው መጎተቻ ኳስ ላይ ማረፍ አለበት። ከዚያ በጣም ካነሰ ትሬለሩ ፍጥነት ሲጨምር እንደ እባብ ጭራ ይወዛወዛል። ይህ የሚያስፈራ ነገር ነው፣ መኪናውን ይዞ ይገለብጣል። አክስሉ የሚንሸራተት ከሆነ ማስተካከል ቀላል ነው። አክስሉ ወደኋላ ሲሄድ ሞፈሩ ይከብዳል፣ ወደፊት ሲመጣ ይቀላል። ከላይ ቆይቼ እነግራችኋለሁ ያልኩት ይህንን ነው።

ፍሬን። ሜሪላንድና ቨርጂንያ ከ3,000 ፓውንድ ጀምሮ ትሬለሩ የራሱ ፍሬን እንዲኖረው ያስገድዳሉ። የጀልባ ትሬለር ፍሬን አብዛኛውን ጊዜ በግፊት የሚሠራ ነው። መኪናው ፍሬን ሲይዝ ትሬለሩ ወደፊት ይገፋል፣ ያ ግፊት ከፊት ያለውን ዘይት ጨምቆ ፍሬኑን ይይዛል። ኤሌክትሪክ ስለማይፈልግ ከውሃ ጋር ይስማማል። ግን ወደኋላ ስትገፉም ሊይዝባችሁ ይችላል። ለዚህ አምስተኛ ሽቦ አለ፣ የኋላ ማርሽ ሲገባ ፍሬኑን የሚለቅ። መኪናችሁ ያለው ሶኬት ባለ አራት ሽቦ ብቻ ከሆነ አስቀድማችሁ አስቀይሩት። ዓይነቱን ከጠየቃችሁኝ ዲስክ ፍሬን ነው። ሌላው ዓይነት፣ ታምቡር፣ ዝግ ስለሆነ የጨው ውሃና አሸዋ ውስጡ ይቀራል፣ የፍሬን ሸራውንና ሞላውን ይበላል። ዲስክ ክፍት ነው፣ ታጥቦ ይጸዳል።

አክስሉን በተመለከተ፣ "የአሉሚኒየም ትሬለር" ሲባል አሉሚኒየም የሆነው አብዛኛውን ጊዜ ሻንሲው ብቻ ነው። አክስሉ ዚንክ የተነከረ ብረት መሆን አለበት። ቀለም ብቻ ከሆነ ለጨው ውሃ አይሆንም። ባሌስትራ (የተደራረበ የብረት ቅጠል) ያለው በርካሽ ይጠገናል፣ ግን ቅጠሎቹ መሃል ጨው ይገባል። ውስጡ ላስቲክ ያለው ቶርሽን አክስል መንገድ ላይ ይለሰልሳል፣ ጀልባዋንም ዝቅ ያደርጋል፤ ሲያረጅ ግን ሙሉውን ነው የምትቀይሩት።

የኩሽኔታውን ነገር ግን ረጋ ብለን እንየው፣ መንገድ ላይ ሰው የሚያስቀረው በብዛት እሱ ነውና። ረጅም መንገድ ስትነዱ የጎማው እምብርት ይሞቃል፣ ውስጡ ያለው አየርም ይሰፋል። ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ስትነክሩት አየሩ በድንገት ይኮማተራል፣ ውሃውን በላስቲኩ ቀለበት በኩል ወደ ውስጥ ይስባል። ውሃ ግራሶውን ያበላሻል፣ ግራሶው ሲበላሽ ኩሽኔታው ይዝጋል፣ የዛገ ኩሽኔታ ይቃጠላል። ሲገዙ ጎማውን በክሪክ አንስቶ ማሽከርከር ነው። ካጉረመረመ፣ ወይም ላይና ታች ይዛችሁ ስትነቀንቁት ክፍተት ካለው መጥፎ ነው። ግራሶው ወተት የመሰለ ከሆነ ውሃ ገብቷል።

ቀሪውን በአጭሩ። ጎማው "ኤስቲ" የሚል የትሬለር ጎማ ይሁን፣ የመኪና ጎማ አይሁን። ሌላ ፍጥነት ካልተጻፈበት በ65 ማይል ላይ ገድቡት። ጎኑ ላይ ካሉት ቁጥሮች የመጨረሻዎቹ አራቱ የተሠራበትን ጊዜ ይናገራሉ። 2319 ካለ በ2019 በ23ኛው ሳምንት ነው የተሠራው። ጥርሱ አዲስ ቢመስልም ስድስት ዓመት ካለፈው ቀይሩት። መብራቱ የታሸገ ኤልኢዲ ይሁን፣ እያንዳንዱ መብራት የራሱ የመመለሻ ሽቦ ይኑረው። በሻንሲው በኩል እንዲመለስ ከተደረገ ያ የአሉሚኒየሙ ስስ ሽፋን ኤሌክትሪኩን ይከለክለዋል፣ መብራቱ ይጨልማል፣ ይበራል፣ ይጠፋል። ከፊት ያለው መጎተቻ ገመድ ደግሞ ጀልባዋን ወደ ትሬለሩ ለመሳብ ነው። መንገድ ላይ የሚይዛት ከኋላ በሁለቱም ጎን የሚታሰረው ጠፍር ነው።

ወዳጄ ትሬለሩን አልጣለውም። ሞፈሩን አምራቹ በሚሸጠው አዲስ ክፍል አስቀየረው። አክስሉ፣ ፍሬኑና ኩሽኔታው አዲስ ናቸው፣ ብሎኖቹም ሁሉ ራንዴላ ገባላቸው። ሲዬናውን ሸጦ ፒክአፕ ገዛ። ጀልባ የሚያወርድበት ሳንዲ ፖይንት ሲደርስ አሁን ቀጥታ ወደ ውሃው አይገባም። ዳር ላይ ያቆማል፣ የጎማውን እምብርት በመዳፉ ይነካል፣ ከፔርሙሱ ቡና ይቀዳል። እምብርቱ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።